የዘጌ ባሕረ ገብ መሬትና የጥቁር ድንጋይ ታሪክ

(በራዲዮ የተነገረ)



ስለ ድንጋይ ለመናገር መነሣት ለብዙ ሰው እንግዳ ነገር ይመስል ይሆናል። ድንጋይ ለአብዛኞቻችን ወይ የቤት መሠረት ነው፥ ወይ የመንገድ እንቅፋት ነው፤ ከዚህ አልፎ የራሱ ዕድሜና የራሱ ታሪክ ያለው ነገር ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። ነገር ግን በነቀምቴ ከተማ በጨለለቂ ሠፈር የምትኖሩ፥ በአካባቢዋም በየመሥሪያ ቤቱ የምታገለግሉ ሁሉ አንድ ነገር ብታስተውሉ ለዛሬው ንግግር በቂ መነሻ ይሆናል። ክረምት ሲገባ ከጫማችሁ ሥር የሚጣበቀው ቀዩ ጭቃ ለቤት መሠረትና ለግንብ ከሚፈለጠው ጥቁር ድንጋይ የተወለደ ነው። ድንጋዩ አባት ነው፤ አፈሩ ልጅ ነው። ድንጋዩ ራሱ ደግሞ አንድ ዘመን እንደ ወንዝ የሚፈስ እሳት ነበር።

የዚህን ድንጋይ ታሪክ ለመግለጽ ከዚያው ከወለጋ አንድ ኮረብታ ለመምረጥ ይቻል ነበር። እኔ ግን የመረጥሁት ከአባይ ማዶ፥ በጣና ሐይቅ ዳር ያለውን የዘጌን ባሕረ ገብ መሬት ነው። ምክንያቱም ሁለት ነው። አንደኛው፥ በዚያ ትንሽ ምድር ላይ ድንጋዩ፥ ውኃው፥ አፈሩና የሰው እጅ በአንድ ላይ ስለሚታዩ፥ የአንዱን ሥራ ከሌላው ሥራ ለይቶ ለመመርመር ይመቻል። ሁለተኛው፥ የዘጌን ዳርቻ የሚያጥበው ውኃ ከሐይቁ ወጥቶ፥ ጎጃምን ዞሮ፥ የወለጋን ሰሜናዊ ወሰን እየታከከ የሚያልፈው የአባይ ውኃ ስለ ሆነ፥ የዘጌ ነገር ለነቀምቴ ሰው የሩቅ ወሬ አይደለም። ከነቀምቴ ተነሥቶ የአባይን ድልድይ ተሻግሮ በቡሬ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ መንገደኛ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚጓዘው በዚሁ ታሪክ ላይ ነው።

ባሕረ ገብ መሬት ስንል በሦስት ወገን ውኃ የከበበው፥ በአንድ ወገን ግን ከየብስ ጋር የተያያዘ ምድር ማለታችን ነው። አገራችን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ ስለሌላት፥ ወደ ውኃ ገብቶ የሚቆም የምድር ራስ ለማየት የሚሻ ሰው ወደ ሐይቆቻችን መሄድ ይኖርበታል። በጣና ዳር የሚኖረው ሕዝብ ግን ከጥንት ጀምሮ ሐይቁን «ባሕር» ሲለው ኖሯል፤ ከተማውም ባሕር ዳር ተብሏል። ይህ አጠራር በከንቱ አይደለም። ጣና ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን፥ ነፋስ በተነሣ ጊዜ ማዕበሉ ታንኳን ይገለብጣል፤ ከአንዱ ዳር ቆሞ ሌላውን ዳር ማየት ብዙ ጊዜ አይቻልም።

ዘጌ የሚገኘው በሐይቁ ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ ነው። ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ያስኬዳል። ከሩቅ ሲታይ ከውኃው ላይ ቀስ ብሎ የሚነሣ፥ ከዳር እስከ ዳር በደን የተሸፈነ ኮረብታ ነው። ቀርበው ሲወርዱ ግን ከዛፉ ሥር በየሥፍራው ጥቁር ዓለት ብቅ ብሎ ይታያል፤ ወደ ገዳማቱ የሚወስደው የእግር መንገድም በድንጋይ የተሞላ ነው። ዑራ ኪዳነ ምሕረት፥ አዝዋ ማርያም፥ መሐል ዘጌ ጊዮርጊስና በትረ ማርያም የታነጹት በዚህ ምድር ላይ ነው። ጎብኚው ወደዚያ የሚሄደው ብዙውን ጊዜ የቤተ ክርስቲያናቱን ሥዕል ለማየት ነው፤ እኛ ግን ዛሬ ዓይናችንን ከግድግዳው ወደ መሬቱ ዝቅ እናድርግ።

ይህ ድንጋይ ከወዴት መጣ? ምድርን የሚመረምሩ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፥ የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ አሁን ኢትዮጵያ በምትባለው ምድር ላይ ከከርሠ ምድር ብዙ ቅልጥ ዓለት ወጣ። የወጣውም በሥዕል እንደምናየው ከአንድ ሾጣጣ ተራራ አናት ብቻ አልነበረም። መሬቱ በረጅሙ እየተሰነጠቀ፥ ከስንጥቁ የወጣው ቅልጥ ድንጋይ እንደ ጎርፍ ሜዳውን ሞላው። አንዱ ጎርፍ ሲበርድ ጠጥሮ ጥቁር ንጣፍ ይሆናል፤ ከጊዜ በኋላ ሌላው መጥቶ በላዩ ይነጠፋል። እንዲህ እየተደራረበ በአንዳንድ ሥፍራ ውፍረቱ እስከ 2 ኪሎ ሜትር ደረሰ። የሚያስደንቀው ደግሞ አብዛኛው ክፍል የተነጠፈው በአንድ ሚሊዮን ዓመት ገደማ ውስጥ መሆኑ ነው። አንድ ሚሊዮን ዓመት ለሰው ዘመን የማይቆጠር ብዙ ነው፤ ለምድር ዘመን ግን አጭር ነው። ይህን ድንጋይ ሊቃውንቱ ባዛልት ይሉታል፤ እኛ ጥቁር ድንጋይ ስንለው የኖርነው ነው።

ይህን ነገር ለዓለም ሊቃውንት አስቀድመው ከገለጹት አንዱ ዊልያም ብላንፎርድ የተባለው እንግሊዛዊ ነው። እርሱም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1868 የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ በዘመተ ጊዜ አብሮ ተጉዞ፥ ያየውን ድንጋይ ሁሉ መዝግቦ ከሁለት ዓመት በኋላ በመጽሐፍ አሳተመ። ሊቃውንት ለእንዲህ ያለው የተነባበረ ድንጋይ የሰጡት ስም «ትራፕ» ነው፤ በስካንዲናቪያ አገሮች ቋንቋ ደረጃ ማለት ነው። ስሙ የተስማማ መሆኑን ለማረጋገጥ የሚሻ ሰው ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ ሲወርድ በመኪናው መስኮት ወደ ገደሉ ይመልከት። ጥቁሩ ድንጋይ ከላይ ደረጃ በደረጃ ተነባብሮ ይታያል። ዝቅ ሲሉ ደግሞ ከሥሩ ሌላ ዓይነት ድንጋይ ይመጣል፤ ነጣ ያለው የኖራ ድንጋይ ከእሳቱ ዘመን እጅግ ቀድሞ ባሕር ያንን አገር ሸፍኖት እንደ ነበረ ይመሰክራል። እንግዲህ የአባይ ሸለቆ ገጾቹ በተራ የተገለጡ መጽሐፍ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

አሁን ወደ ጣና እንመለስ። ይህ ሁሉ ጥቁር ድንጋይ ከተነጠፈ በኋላ ምድሩ እንደ ተዘረጋ አልቀረም። በየአቅጣጫው ተሰነጠቀ፤ አንዱ ወገን ከፍ አለ፥ ሌላው ዝቅ አለ። ሦስት የስንጥቅ መስመሮች በሚገናኙበት ሥፍራ መሬቱ ወደ ታች ሰጠመና ሰፊ ጎድጓዳ ሆነ። ውኃ የሚጠራቀምበት ገበታ እንዲህ ተዘጋጀ ማለት ነው። ነገር ግን ገበታ ብቻውን ሐይቅ አይሆንም፤ ከንፈሩ ዝቅ ያለ እንደ ሆነ የገባው ውኃ ሁሉ ተመልሶ ይወጣል። የጣናን ከንፈር ከፍ ያደረገው ሁለተኛው እሳት ነው።

ሁለተኛው እሳት ከመጀመሪያው ጋር ሲነጻጸር የትናንትና ነገር ነው። የመጀመሪያው በሚሊዮን ዓመታት ሲቆጠር፥ የኋለኛው ፍሳሽ በአሥር ሺሕ ዓመታት የሚቆጠር ነው። ከሐይቁ በስተ ደቡብ፥ በባሕር ዳርና በእንጅባራ መካከል ባለው አገር፥ ትንንሽ እሳተ ገሞራዎች በየሥፍራው ፈነዱ። ምልክታቸው ዛሬም አልጠፋም። ከቡሬ ወደ እንጅባራ የሚጓዝ ሰው ከመንገዱ አጠገብ የሚያገኘው ክቡ የዘንገና ሐይቅ ውኃ የሞላው የእሳተ ገሞራ አፍ ነው። በአካባቢው የሚታዩት ብዙዎቹ ሾጣጣ ኮረብቶችም እሳቱ ወደ ላይ እየረጨ የከመራቸው የቀይ ገረጋንቲ ክምሮች ናቸው። ከእነዚህ አፎች የፈሰሰው ቅልጥ ድንጋይ ወደ ሐይቁ ደቡባዊ መውጫ ደርሶ እዚያው በረደና ጠጠረ። ሰው ሳይኖር፥ ሲሚንቶና ብረት ሳይኖር፥ የጣና ግድብ እንዲህ ተሠራ። አባይ ዛሬ ከባሕር ዳር ሲነሣ የሚያልፈው በዚህ ጥቁር ዓለት ላይ ነው። 30 ኪሎ ሜትር ያህል ከወረደ በኋላም ከጥቁሩ ድንጋይ አፋፍ 40 ሜትር ያህል ወደ ታች ይወረወራል፤ ጢስ ዓባይ የምንለው ፏፏቴ ይኸው ነው።

እንግዲህ ስለ ዘጌ የምናገረው ዋና ነገር ይህ ነው። የዘጌን ኮረብታ ያቆመው ከእሳት የወጣ ድንጋይ ነው፤ ኮረብታውን ባሕረ ገብ መሬት ያደረገው ግን በዙሪያው የቆመው ውኃ ነው፤ ያንን ውኃ እንዳይፈስ ይዞ ያቆመው ደግሞ በደቡብ ያለው ሌላው የእሳት ድንጋይ ነው። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል ዘጌ ዘጌ አይሆንም። ውኃው በጥቂት ሜትር ከፍ ቢል፥ ዝቅተኛው አንገቱ ተውጦ ዘጌ ደሴት በሆነ ነበር። ውኃው ቢጎድል ደግሞ በሜዳ መካከል ያለ ተራ ኮረብታ ይሆናል።

ይህን የምለው እንዲያው በግምት አይደለም፤ አንድ ጊዜ በእርግጥ ሆኗል። ሊቃውንት ከሐይቁ ወለል ሥር ያለውን ደለል በረጅም ቧንቧ ወግተው አውጥተው፥ ንብርብሩን መርምረው፥ ያገኙትን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2007 አሳትመውታል። ከዚያ እንደ ተረዳነው፥ የዛሬ 17 ሺሕ ዓመት ገደማ ታላቅ ድርቅ በአፍሪቃ ላይ በወደቀ ጊዜ ጣና ደርቆ ነበር። በዚያ ዘመን የኖረ ሰው ካለ፥ ከዘጌ ኮረብታ ወርዶ ዛሬ ደቅ ደሴት ወደምትባለው ከፍታ በእግሩ ለመሄድ ይችል ነበር። ዝናቡ ተመልሶ ሐይቁ እንደገና የሞላው የዛሬ 15 ሺሕ ዓመት ገደማ ነው። ከዚያ ወዲህ የሐይቁ ዓሦች ከታችኛው አባይ ዓሦች ተለይተው ቀሩ፤ የጢስ ዓባይን ገደል ዓሣ ሊወጣው አይችልምና። በዚህም ምክንያት በጣና ውስጥ በሌላ በየትም የማይገኙ ከአሥር የሚበልጡ የዓሣ ዓይነቶች ይኖራሉ። አንድ የድንጋይ ደረጃ አንድ የዓሣ ወገን ለብቻው እንዲኖር አደረገ ማለት ነው።

ጣና በአንድ ጊዜ ድርቅ እንዴት ሊደርቅ ቻለ? መልሱ በጥልቀቱ ላይ ነው። ከስፋቱ የተነሣ ጥልቅ ይመስለናል፤ ነገር ግን ትልቁ ጥልቀቱ ከ15 ሜትር አይበልጥም፤ አማካዩም 9 ሜትር ያህል ነው። በስምጥ ሸለቆ ያለው የሻላ ሐይቅ ከ250 ሜትር በላይ ጥልቀት እንዳለው ስናስብ ልዩነቱ ይገባናል። ሻላ ማድጋ ነው፤ ጣና ግን ሰፊ ሳህን ነው። ከማድጋ አንድ ጭልፋ ቢቀዳ አይታወቅም፤ ከሳህን ግን ወዲያው ይታወቃል። ከመስከረምና ከጥቅምት ሙላት እስከ ግንቦትና ሰኔ ጉድለት ድረስ ሐይቁ በዓመት ውስጥ የሚለዋወጠው አንድ ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ነው። በዳር ያለው ደንገል፥ በደንገሉ ውስጥ የሚራባው ዓሣ፥ ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ የሚመላለሰው ጀልባ፥ ሁሉም ኑሮውን ያስማማው ከዚህች ከአንድ ሜትር ተኩል ጋር ነው።

በዚህች ልክ ላይ የሰው እጅ መግባት የጀመረው በቅርቡ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 በጢስ ዓባይ የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሥራ ጀመረ፤ ይህም ከፏፏቴው በላይ ጥቂት ውኃ ከመጥለፍ በቀር ሐይቁን አልነካውም። በ1996 ግን በባሕር ዳር፥ ጨረ ጨራ በተባለው ሥፍራ፥ በሐይቁ መውጫ ላይ በሮች ያሉት መገደቢያ ተሠራ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እሳት የሠራው ከንፈር ብቻ መሆኑ ቀርቶ፥ የውኃውን መውጣት የሚወስነው የሰው ውሳኔ ሆነ። በ2003 የዝናብ እጥረትና ለኤሌክትሪክ የሚለቀቀው ውኃ ተደርበው ሐይቁ በመዝገብ ከታወቀው ሁሉ ዝቅ ወዳለ ልክ ወረደ፤ መርከቦቹ ለወራት ለመጓዝ አልቻሉም፤ ውኃው በሸሸበት ዳርቻ ብዙ ደንገል ጠፍቶ ገበሬው የተጋለጠውን መሬት ማረስ ጀመረ። በግንቦት ወር 2002 ዓ.ም. ደግሞ ከሐይቁ ምዕራብ ዳርቻ በዋሻ ተወስዶ ወደ በለስ የሚወርደው ውኃ 460 ሜጋ ዋት ለማመንጨት የሚችል ጣቢያ ማንቀሳቀስ ጀመረ። ሐይቁ ለብዙ ሺሕ ዓመት አንድ ወራጅ ብቻ ነበረው፤ አሁን ሁለት ሆነለት።

እዚህ ላይ ነገሩን በትክክል ማስተዋል ይገባል። ኤሌክትሪክ አያስፈልግም የሚል አስተዋይ ሰው የለም፤ ይህንንም ንግግር የምታዳምጡት በኤሌክትሪክ ኃይል ነው። የምለው፥ በሳህን ያለ ውኃ እንደ ማድጋ ውኃ ሊታዘዝ አይችልም ነው። ከሐይቁ የሚወጣውን ውኃ የሚወስን መሐንዲስና የመሥሪያ ቤት ሹም፥ በእጁ ያለው መዘውር አሥር ሺሕ ዓመታትን ያስቆጠረ የተፈጥሮ ልክ የሚያዛባ ወይም የሚጠብቅ መሆኑን ቢያውቅ ውሳኔው የተሻለ ይሆናል።

ከውኃው ወደ አፈሩ እንለፍ። ጥቁር ድንጋይ በዝናብና በሙቀት፥ በዛፍ ሥርና በትል ሥራ ቀስ በቀስ እየበሰበሰ አፈር ይሆናል። ሥራው እጅግ ዝግተኛ ነው፤ አንድ ሳንቲ ሜትር አፈር ለመሥራት በመቶ የሚቆጠሩ ዓመታት ያስፈልጋሉ። ለጥ ባለ ሜዳ የተሠራው አፈር እዚያው ይከማቻል፤ እንደ ዘጌ ባለ ተዳፋት ኮረብታ ላይ ግን የተሠራውን ሁሉ ጎርፍ ወደ ሐይቁ ይዞት ሊወርድ ይችላል። ታዲያ የዘጌ ኮረብታ እስከ ዛሬ እንዴት ራቁቱን አልቀረም?

እንደ ገዳሙ ትውፊት፥ አቡነ በትረ ማርያም ወደ ዘጌ በመጡ ጊዜ ከበትራቸው ቡና፥ ጌሾና ሎሚ በቀሉላቸው፤ የዘጌም ሰው ሳያርስና ከብት ሳያረባ ከእነዚህ እንዲኖር ቃል ኪዳን ተሰጠ። በዚህም መሠረት በዘጌ በበሬ ማረስና ትልልቅ ከብት ማርባት ለብዙ መቶ ዓመታት ክልክል ሆኖ ኖረ። ትውፊቱን ምእመን በእምነቱ ይቀበለዋል። አፈርን የሚያጠና ሰው ደግሞ በበኩሉ የሚናገረው አለ። በተዳፋት ላይ፥ ስስ አፈር ባለበት የእሳተ ገሞራ ዓለት ላይ፥ ከማረሻና ከከብት ኮቴ የበለጠ አፈርን የሚያጠፋ ነገር የለም፤ ከረጃጅም ዛፎች ጥላ ሥር ከሚበቅለው ቡና የበለጠም እንዲህ ላለው ምድር የሚስማማ ተክል ጥቂት ነው። ቅጠሉ የዝናቡን ኃይል ያበርደዋል፤ የረገፈው ቅጠል አፈሩን ይሸፍነዋል፤ ሥሩ በዓለቱ ስንጥቅ ገብቶ ይይዘዋል። ስለዚህ የዘጌ ክልከላ ለምድሪቱ ጠባይ የተሰፋ ልብስ ነበረ ለማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ ያለፈውን ዘመን በመልካም ብቻ መሳል ተገቢ አይደለም። የታሪክ ጸሐፊው አብዱሰመድ አሕመድ ባጠኑት መሠረት፥ በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የዘጌን ቡና በመትከልና በመልቀም የደከሙት ባሮች ነበሩ። ደኑ የቆመው በሃይማኖት ሥርዓት ብቻ ሳይሆን በተገፋ ሰው ጉልበትም ጭምር ነበር። ይህን ማወቃችን ክልከላው ለአፈሩ ያደረገውን ጥቅም አያስቀረውም፤ ነገር ግን ለወደፊቱ ደንን በሌላ ሰው ጫንቃ ሳይሆን በነጻ ሰው ጥቅም ላይ መሥርተን ልንጠብቀው እንደሚገባ ያስተምረናል። ዛሬ በዘጌ ደን ላይ የሚጫነው ችግር ከዚሁ የሚነሣ ነው። ባሕር ዳር እየሰፋች የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት ፍላጎቷ ሲጨምር፥ ከቡናው ብቻ መኖር ያቃተው ባለ ርስት ዛፉን ለመሸጥ ይገደዳል። «ዛፍ አትቁረጥ» የሚል ማስታወቂያ መለጠፍ ቀላል ነው፤ ዛፉን ሳይቆርጥ የሚያድርበትን መንገድ ማዘጋጀት ግን ሥራ ይጠይቃል።

በዘጌ ፊት ለፊት፥ በሐይቁ ምሥራቅ ወገን የሆነውን ስንመለከት ደግሞ የክልከላው ትርጉም ይበልጥ ይገለጣል። ርብና ጉማራ የተባሉት ወንዞች ከታረሱት የጎንደር ተራሮች አፈር ተሸክመው በፎገራ በኩል ወደ ሐይቁ ይገባሉ። የወንዙ ውኃ በክረምት የሚይዘው ቀለም ያው የጥቁሩ ድንጋይ ልጅ የሆነው አፈር ነው። ይህ አፈር ለፎገራ ሜዳ በረከት ነው፤ ትርፉ ግን ጥልቀት በሌለው ሳህን ውስጥ ይዘቅጣል። ከ2011 በአውሮፓ አቆጣጠር ወዲህ ሐይቁን ያስቸገረው እንቦጭ የተባለው አረም የበረታውም በዚሁ በምሥራቅና በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ነው፤ ከማሳ የታጠበው ማዳበሪያና ደለል የሚመግበው እዚያ ስለ ሆነ። ዩኔስኮ በ2015 የጣናን አካባቢ ከዓለም የተፈጥሮ ክልሎች አንዱ አድርጎ መዝግቦታል፤ መዝገብ ግን አፈርን ከመውረድ አያግድም።

አሁን ከሐይቁ ጋር ወደ ታች እንውረድ። አባይ ከጣና የሚያገኘው ውኃ ከጠቅላላው ጥቂቱ ነው፤ አብዛኛውን የሚሞሉት በየመንገዱ የሚቀላቀሉት ገባሮች ናቸው። ከእነዚህም ዋነኛው ከወለጋ ምድር የሚሰበሰበው ዴዴሳ ነው። በነቀምቴና በሻምቡ ዙሪያ ጥቁሩ ድንጋይ ከላይ አለ፤ ወደ ምዕራብ ሲሄዱ ግን ወንዞቹ ንጣፉን በልተውት ከሥሩ እጅግ ጥንታዊው ዓለት ብቅ ይላል። በነጆ አካባቢ የሚገኘው ወርቅ፥ በዩብዶም የታወቀው ፕላቲን ከዚሁ ከጥንቱ ዓለት ናቸው። ስለዚህ የወለጋ ሀብት በሁለት ፎቅ ነው፤ በላይኛው ፎቅ ቡናና እህል የሚያበቅለው ቀይ አፈር፥ በታችኛው ፎቅ ማዕድኑ። ማዕድኑ ቢወጣ ያልቃል፤ ቀዩ አፈር ግን በሚገባ ከተያዘ ለልጅ ልጅ ይተላለፋል። የሚያሳዝነው ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠብቀው የታችኛውን ፎቅ መሆኑ ነው።

ከዚህ ሁሉ ተዳፋት የሚታጠበው አፈር ወደ ዴዴሳና ወደ አባይ ገብቶ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በመስከረም 2025 በጉባ ወደ ተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ይወርዳል። ቀድሞ በግብፅ ሜዳ ላይ ይነጠፍ የነበረው ደለል ዛሬ ከግድቡ በስተጀርባ ይቀመጣል። በጨለለቂ ተዳፋት ላይ በግዴለሽነት የተቆፈረ የመንገድ ዳር ቦይ ቦረቦር ሲሆን፥ ከቦረቦሩ የወጣው አፈር መድረሻው ይኸው ነው። ከደሞዛችን እያዋጣን የሠራነውን ግድብ በራሳችን አፈር እንዳንሞላው ማሰብ የእያንዳንዳችን ፋንታ ነው።

አንዳንድ አድማጭ፥ «ይህ ሁሉ ለገበሬና ለመሐንዲስ ይነገር፤ በመዝገብና በማኅተም ለምንሠራ ሰዎች ምን ያደርግልናል?» ይል ይሆናል። መልሴ አጭር ነው። ዛሬ በአገራችን ውስጥ መሬት የሚለወጠው በመጀመሪያ በወረቀት ነው። የድንጋይ መፍለጫ ፈቃድ፥ የቤት መሥሪያ ቦታ፥ የመንገድ ቅየሳ፥ የደን ምንጣሮ፥ የውኃ ጠለፋ፥ ሁሉም መሬቱ ላይ ከመድረሱ በፊት በአንድ ጸሐፊ፥ በአንድ ክፍል ሹምና በአንድ ኃላፊ ጠረጴዛ ላይ ያልፋል። ማረሻው ሳይነካው ብዕሩ ይነካዋል። እንግዲህ እንዲህ ያለ ወረቀት በፊታችሁ ሲቀርብ፥ ከመፈረማችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ ብትጠይቁ የጂኦሎጂ ሊቅ መሆን አያስፈልጋችሁም።

አንደኛው፥ ከዚህ ቦታ ሥር ያለው ድንጋይ ምንድር ነው? ጠንካራ ጥቁር ዓለት ነው፥ ወይስ ቀላሉ ቀይ ገረጋንቲ፥ ወይስ የበሰበሰ ሸክላ? መሠረትም፥ ጉድጓድም፥ መንገድም የሚጸናው እንደ ድንጋዩ ጠባይ ነው። ሁለተኛው፥ በድንጋዩ ላይ ያለው አፈር ምን ያህል ውፍረት አለው፥ ምንስ ይዞታል? ዛፍ ከሆነ የያዘው፥ ዛፉ ሲቆረጥ በምን ይተካል? ሦስተኛው፥ ከዚህ ቦታ የሚወርደው ውኃ ወዴት ይሄዳል፥ በታች ያለውስ ማን ነው? ይህ ሦስተኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነው፤ ምክንያቱም በታች ያለው ሰው በሌላ ወረዳ፥ በሌላ መዝገብ የተጻፈ ስለሚሆን ነው። ውኃ ግን የወረዳ ወሰን አያውቅም።

የዘጌ አባቶች የባዛልትን ስም ሳያውቁ፥ የ30 ሚሊዮን ዓመቱን ታሪክ ሳይሰሙ፥ ለምድራቸው የሚስማማውን ሥርዓት ለይተው አውቀው ጠበቁት። እኛ ስሙንም፥ ዕድሜውንም፥ የውፍረቱንም ልክ አውቀናል። ከእነርሱ በተሻለ እንጂ በባሰ ልንጠብቀው አይገባም። እሳቱ ድርሻውን ሠርቶ ከበረደ ብዙ ሺሕ ዓመት ሆኖታል፤ ከእንግዲህ ኮረብታው በአፈሩ፥ ሐይቁም በልኩ እንዲቆይ ማድረግ የእኛ ድርሻ ነው።